ሦስት ጫፍ በአንድ ቀን፦ የፓናሚንት ዙር ጉዞ የጉዳይ ጥናት

ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴዝ ቫሊ የተባለውን በረሃማ ሸለቆ በምዕራብ በኩል የሚያጥረው የፓናሚንት ተራራ ሰንሰለት ከታች ሲያዩት ግድግዳ ይመስላል። ባድዋተር የተባለው የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል 86 ሜትር ዝቅ ብሎ ተኝቷል፤ ከዚያ በአየር 30 ኪሎ ሜትር ያህል እልፍ ብሎ የቴሌስኮፕ ጫፍ በ3,366 ሜትር ላይ ቆሟል። ከደንከል የጨው ሜዳ ላይ ሆኖ የደጋውን አፋፍ ቀና ብሎ ያየ ሰው ሥዕሉ ወዲያው ይገባዋል፦ ታች እሳት፣ ላይ ውርጭ፣ መሐሉ ገደል።

የምንመረምረው ጉዳይ የተወሰነ ነው። ጊዜው የኦክቶበር መጨረሻ፣ በእኛ ጥቅምት አጋማሽ። መነሻው ላስ ቬጋስ፣ መጓጓዣው ተራ የቤት መኪና፣ ያለው ጊዜ አንድ ሌሊትና አንድ ሙሉ ቀን። ዓላማው ቴሌስኮፕ፣ ቤኔትና ሮጀርስ የተባሉትን የሰንሰለቱን ሦስት ጫፎች ረግጦ በዙር መመለስ ነው። ሰዓቶቹን በሙሉ በሀበሻ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

የጥናቱን ፍሬ ነገር አስቀድመን እንናገር። ይህን ዙር የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የጉልበት ማነስ ሳይሆን ጫፎቹ የሚወጡበት ቅደም ተከተል ነው። ካርታ ያየ ሰው ሁሉ ሮጀርስ ከመነሻው ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ቤኔትን፣ በመጨረሻ ቴሌስኮፕን ማለት ይቀናዋል። እኛ ግን መጀመሪያ ቴሌስኮፕን በእግር መንገዱ እንዲወጣ፣ ሁለቱ ትንንሾች ለመልስ እንዲቀመጡ እንመክራለን። ምክንያቱ ከሒሳቡ በኋላ ግልጽ ይሆናል።

መኪናው የት ይቆማል?

ዴዝ ቫሊ ውስጥ ካለችው ስቶቭፓይፕ ዌልስ መንደር ወደ ደቡብ የሚታጠፈው የኤሚግራንት ካንየን መንገድ ወደ ዋይልድሮዝ ያደርሳል። ከዋይልድሮዝ ሽቅብ ሲወጡ አስፋልቱ ያልቅና ጥቂት ኪሎ ሜትር ኮረት ይከተላል። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ተራ መኪና ይህ ችግር የለውም። ኮረቱ የሚያደርሰው ከሰል ማክሰያዎቹ ዘንድ ነው፤ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ በአንድ መስመር የተሰለፉ አሥር የድንጋይ ምድጃዎች፣ እያንዳንዳቸው 7 ሜትር ተኩል ያህል ቁመት ያላቸው፣ አናታቸው እንደ ጎጆ የሾጠጠ። በ1877 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የተሠሩት ከሰንሰለቱ በስተምዕራብ ካለው ከፓናሚንት ቫሊ ማዶ በአርገስ ተራሮች ለነበረ የብርና የእርሳስ ማቅለጫ ከሰል ለማቅረብ ሲሆን አገልግሎታቸው ከጥቂት ዓመት አላለፈም። ገብቶ ግድግዳውን የዳሰሰ ሰው ጥቀርሻውን ዛሬም ያገኘዋል፤ የጭሱም ሽታ አልለቀቀም። በቤቱ ከሰል ሲከሰል ያየ ሀበሻ እዚህ ሳይቆም አያልፍም።

ከምድጃዎቹ በላይ ያለው መንገድ ግን ሌላ ነገር ነው። ማሆጋኒ ፍላት እስከተባለው የእግር መንገድ መነሻ (2,479 ሜትር) ያለው ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ዳገቱ የበረታ፣ ውኃ የቦረቦረው፣ ድንጋዩ የወጣ ነው፤ ሆዱ ከፍ ያለ መኪና፣ አንዳንዴም በአራቱም ጎማ የሚጎትት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ያለን አቋም ቁርጥ ነው፦ ተራ መኪና ምድጃዎቹ ጋ ይቁም። የተከራዩት ከሆነማ አብዛኛው የኪራይ ውል ከአስፋልት ውጭ መንዳትን ስለሚከለክል ከመነሳትዎ በፊት ውሉን ያንብቡ። ትርፍ ጎማው ነፋስ እንዳለው ይፈተሽ፤ ብዙ ሰው ትርፍ ጎማ መኖሩን እንጂ መነፋቱን አያይም።

ቀደም ባለው ምሽት ዋይልድሮዝ (1,250 ሜትር) ማደር ይቻላል፤ የሚሻለው ግን ከምድጃዎቹ በእግር ትንሽ ወጣ ብሎ ቶርንዳይክ በተባለው ሰፈር፣ 2,250 ሜትር ገደማ ላይ ድንኳን መትከል ነው። እዚያ ውኃ የለም፤ ሁሉም ከታች ተሸክሞ የሚወጣ ነው። የከፍታው ጉዳይ በቀላሉ መታየት የለበትም። «እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምኔም አይደለ» የሚል ሰው ይኖራል። ላስ ቬጋስ ግን 610 ሜትር ላይ ናት፤ ሰውነት ለከፍታ ያደረገው መላመድ ቆላ ከወረደ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። ቴሌስኮፕ ከእንጦጦ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ትናንት ቬጋስ ያደረ ሰው ዛሬ እዚያ ላይ ሲወጣ ራሱን ቢያመው አይደነቅም።

ሒሳቡ

ከምድጃዎቹ እስከ ማሆጋኒ ፍላት 390 ሜትር ሽቅብ። ከማሆጋኒ ፍላት እስከ ቴሌስኮፕ 11.3 ኪሎ ሜትር፣ 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ። በመልሱ ቤኔት 140 ሜትር ገደማ፣ ሮጀርስ 115 ሜትር ገደማ ይጨምራሉ። ድምሩ 28 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ወደ ላይ የሚወጣው 1,550 ሜትር ገደማ ነው። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት በሚለው የተለመደ ስሌት 8 ሰዓት ከሩብ ያህል ይመጣል። ይህ ስሌት ግን ለቀጭን አየርም፣ ለልል ድንጋይም፣ ለዕረፍትም ቦታ አልተወም። ሲሶ ያህል ሲጨመርበት 11 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሳምንት ፀሐይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ እሱም 11 ሰዓት ነው። ብርሃኑ ከጉዞው ጋር እኩል ስለሆነ ለስህተት የሚተርፍ ደቂቃ የለም ማለት ነው።

መፍትሔው በጨለማ መጀመር ነው፤ ጨለማው ግን የትኛው መሬት ላይ እንደሚውል መምረጥ አለብን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከምድጃዎቹ ሲነሱ የመጀመሪያው ሰዓት የሚያልፈው በመኪና መንገድ ላይ ነው፤ የግንባር ባትሪ ይበቃል፣ መሳሳት አይቻልም። 12 ሰዓት ከ10 ላይ ማሆጋኒ ፍላት። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ፦ በር ያለው የአገልግሎት መኪና መንገድና ምልክት ያለው የእግር መንገድ ጎን ለጎን ይጀምራሉ። የአገልግሎት መንገዱ ሮጀርስ ጫፍ ላይ ወዳለው የሬዲዮ መገናኛ ጣቢያ ይወጣል። በከፊል ጨለማ ሰፊው መንገድ ዓይን ይስባል፣ እግርም ይከተላል። ጠዋት የሚፈለገው ቀጭኑ ነው።

የእግር መንገዱ የሮጀርስን ምሥራቃዊ ጎን፣ የዴዝ ቫሊን ጎን ይዞ ይወጣል። 1 ሰዓት ከ50 ላይ አርኬን ሜዶውስ የተባለው በር ላይ ያደርሳል (በር ስንል እንደ ጣርማ በር በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለውን ዝቅ ያለ መተላለፊያ ማለታችን ነው)። ከማሆጋኒ ፍላት 4 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ወለል 2,930 ሜትር ገደማ። ስሙ ሜዳ ቢልም ሣሩ ሳስቶ ቁጥቋጦ የበዛበት፣ ነፋስ የማያጣው ገላጣ ነው። ከዚያ መንገዱ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ በቤኔት ጎን ያልፍና 2 ሰዓት ከ35 ላይ ሁለተኛው በር፣ በቤኔትና በቴሌስኮፕ መካከል ያለው ላይ ይወጣል። የቀረው 4.8 ኪሎ ሜትር ሸንተረር ለሸንተረር ነው፤ መጨረሻው ላይ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይሆናል። 4 ሰዓት ከ35 ላይ ጫፉ።

ለምን ቴሌስኮፕ ይቅደም

አሁን ሰዓቱን ገልብጠን እንየው። ሮጀርስንና ቤኔትን አስቀድሞ የወጣ ሰው ሁለተኛው በር ላይ የሚደርሰው ከሌላው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ዘግይቶ፣ ጉልበቱን በልል ድንጋይ ላይ ከፍሎ ነው። ከፊቱ የቀረው ትልቁ ጫፍ ነው። ለመተው የሚከብደው እሱ ስለሆነ አይተወውም፤ 7 ሰዓት ላይ «ትንሽ ነው የቀረው» ይላል። የመመለሻው 10 ኪሎ ሜትር ላይ ሲመሽበት ደግሞ የሚያሳጥረው ምንም ነገር የለውም።

ቴሌስኮፕን ያስቀደመ ግን በመልሱ ሁለት ጊዜ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። ሁለተኛው በር ላይ ቆሞ ቤኔትን ይወጣል ወይም በመጣበት የእግር መንገድ ጎኑን ያልፈዋል። አርኬን ሜዶውስ ላይ ቆሞ ሮጀርስን ይወጣል ወይም እንዲሁ ያልፈዋል። ትርፍ ጫፎቹ ከዋናው መንገድ ጎን የተቀመጡት በመልሱ እንጂ በመውጫው ስላልሆነ ማሳጠር አያሳፍርም፣ አያስጠፋምም። ሮጀርስ ላይ የደረሰ ሰው ደግሞ ከዚያ የሚወርደው በአገልግሎት መኪና መንገዱ ነው፤ 570 ሜትር ያህል ቁልቁለት። ቢመሽ እንኳ በባትሪ የሚሄዱበት መንገድ ነው። የዙሩ ሁለት ጫፎች፣ መጀመሪያውና መጨረሻው፣ ለጨለማ በሚመች መሬት ላይ ወደቁ ማለት ነው።

ለዚህ የሚሆኑ የሰዓት ገደቦች ሦስት ናቸው። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ቴሌስኮፕ ላይ ያልደረሰ ካለበት ይመለስ። እስከ 8 ሰዓት ሁለተኛው በር ላይ ያልደረሰ ቤኔትን ይተው። ከ9 ሰዓት በኋላ አርኬን ሜዶውስ የደረሰ ሮጀርስን ትቶ የእግር መንገዱን ይያዝ። እንደታቀደው የሄደ ሰው 6:30 ሁለተኛው በር፣ 7:15 ቤኔት፣ 7:45 አርኬን ሜዶውስ፣ 8:25 ሮጀርስ፣ 9:35 ማሆጋኒ ፍላት፣ 10:15 መኪናው ጋ ይሆናል። ከኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ በኋላ አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትመልስ ይህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይቀደማል፤ ያን ሳይለውጥ የሄደ ሰው ከቀኑ 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቅበታለች።

ውኃ

ከምድጃዎቹ እስከ ጫፉ ሊታመኑበት የሚቻል ውኃ የለም። በካርታ ላይ ምንጭ ተብሎ የተጻፈ ነገር በበጋ ማብቂያ እርጥብ አፈር ሊሆን ይችላል፤ ዕቅድ አይሠራበትም። በጥቅምት ብርድ በሰዓት 400 ሚሊ ሊትር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፤ ለ11 ሰዓት 4.5 ሊትር ገደማ ነው። ግማሽ ሊትር ከመነሳትዎ በፊት መኪናው ጋ ይጠጣ። 1.25 ሊትሩ በጠንካራ ጠርሙስ ሆኖ አርኬን ሜዶውስ ላይ ይደበቅ፤ በመልስዎ በየትኛውም አማራጭ እዚያው በር ላይ ስለሚያልፉ ተሸክመውት ሽቅብ መውጣት አያስፈልግም። ስስ ላስቲክ ጠርሙስ አይሁን፤ ቁራ ይበሳዋል፣ አይጥ ያኝከዋል። ከድንጋይ ሥር አስገብተው ቦታውን በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ በጠዋት ጥላና በከሰዓት ፀሐይ አንድ ቦታ ሁለት መልክ አለው። የዚያኑ ቀን ይዘውት መውረድም ግዴታ ነው።

ሌላ 4 ሊትር መኪናው ውስጥ ይቅር። ቱቦ ያለው የውኃ ቦርሳ የሚጠቀም ሰው ከጠዋቱ ቅዝቃዜ ይጠንቀቅ፦ በረዶ የሚሠራው መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ ነው። ከጠጡ በኋላ ትንፋሽ ነፍቶ ውኃውን ወደ ቦርሳው መመለስ ይበቃል።

ምግቡን በተመለከተ የእኛ ጓዳ ለዚህ ጉዞ የተፈጠረ ይመስላል፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በሶ ውኃ ይበላል። አንድ ጊዜ ለመበጥበጥ 300 ሚሊ ሊትር ከሄደ የአንድ ሰዓት ድርሻ ሊያልቅ ነው። ጭኮ ቀድሞ በቅቤ ስለታሸ ውኃ አይጠይቅም፤ በብርድ ቢጠጥርም ይነከሳል። ጨው የነካው ቆሎና ዳቦ ቆሎ በየሰዓቱ አንድ እፍኝ። ውኃ ብቻ እየጠጡ ጨው የሌለበት ነገር መብላት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ይህም ከከፍታ ሕመም ጋር እየተምታታ ውሳኔ ያዛባል። አንድ ሊትሩ ላይ ኦ አር ኤስ መበጥበጥ ይህን ጥርጣሬ ይቀንሳል። ያም ሆኖ ራስ ምታቱ ካልለቀቀና ማቅለሽለሽ ከታከለበት ምክንያቱን መመራመሩ ይቅርና ቁልቁል ይመለሱ።

ቤኔት ላይ የሚሆነው

በሁለተኛው በርና በአርኬን ሜዶውስ መካከል ቤኔትን ተሻግሮ ማለፍ በርቀት ከእግር መንገዱ ብዙም አይለይም። ልዩነቱ እግር ሥር ነው። ጥርጊያ የለም፤ መሬቱ እንደ ሸክላ ስባሪ የሚንሸራተት ልል ድንጋይ ነው። ሽቅብ ሲወጡ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሹ ወደ ኋላ። ተረከዝን ሳይሆን የጫማውን ፊት ድንጋዩ ውስጥ እየሰኩ፣ ምርኩዙን አሳጥረው ከላይ በኩል እየተከሉ፣ ከቻሉ የቆመ ሣር ወይም የዛፍ ሥር የያዘውን መሬት እየመረጡ መውጣት ነው። ቡድን ከሆኑ አንዱ ከሌላው በቀጥታ ሥር አይሂድ፤ የለቀቀ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ጫፉ ነው ያሉት ሌላ ጉብታ ሆኖ ከጀርባው ጫፉ ብቅ ሲል ተስፋ አይቁረጡ፤ ጠቅላላ ሽቅቡ 140 ሜትር ገደማ ነው።

አደገኛው ክፍል መውረዱ ነው። ከቤኔት ጫፍ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚወርዱ ጎኖች አሉ፤ ትክክለኛው ወደ ሰሜን የሚሄደው ብቻ ነው። ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ሰው ወደ ዴዝ ቫሊ ሸለቆዎች፣ ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ወደ ፓናሚንት ቫሊ ይወርዳል። ታች ያለው ነጭ ሜዳ ከላይ ሲታይ ቅርብ ይመስላል፤ መንገድም ይታያል። ግን እስከዚያ ከ2,500 ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፤ በመሐሉም ውኃ የማይወርድባቸው የደረቁ ፏፏቴዎች መንገዱን ይቆርጡታል። የወረዱት መመለስ ካቃተዎት ችግሩ ተጀመረ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሮጀርስ ላይ ያለው የመገናኛ ምሰሶ ዒላማ ይሁን፣ ሸንተረሩም አይለቀቅ። ደመና ሸፍኖ ምሰሶው ካልታየ ቤኔት ያን ቀን ይቅር። በነገራችን ላይ ምሰሶ አለ ማለት ስልክ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ካርታውን አስቀድመው ስልክ ላይ አውርደው፣ የወረቀትም ይዘው፣ የምትመለሱበትን ሰዓት ቤት ለቀረ ሰው ተናግረው ውጡ።

ቤኔት 3,042 ሜትር፣ ሮጀርስ 3,046 ሜትር ናቸው፤ አራት ሜትር ብቻ ይለያቸዋል። ስማቸው የመጣው በ1849 ማብቂያ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ሲያቋርጥ ሸለቆው ውስጥ ከታገተ ቡድን ነው። የቤኔትና የአርካን ቤተሰቦች ታች ሰፍረው ሲጠብቁ ጆን ሮጀርስና ዊሊያም ማንሊ በእግራቸው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ስንቅ ይዘው ተመለሱ፤ 26 ቀን ገደማ ፈጀባቸው። አርኬን ሜዶውስም የአርካንን ስም የያዘ ነው። ዙሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእነዚያ ሰዎች ስም መካከል የሚደረግ ነው።

ብርዱ

የኦክቶበር አማካይ የቀን ሙቀት ታች ዴዝ ቫሊ ወለል ላይ ባለው ፈርነስ ክሪክ 34 ዲግሪ ገደማ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6.5 እስከ 9 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ያን ዕለት ጫፉ ላይ ከ3 እስከ 12 ዲግሪ ይጠበቃል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። ጠዋት በሩ ላይ ከዜሮ በታች መሆኑ የተለመደ ነው። ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት፣ ከሥሩ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ጓንትና ቆብ ያስፈልጋሉ። ጋቢ መኪና ውስጥ ይቆይ፤ ላብ የነካው ጥጥ አያሞቅም። ከላይ የሚገኙት ብሪስልኮን የተባሉት ጥዶች በጣም በዝግታ የሚያድጉ፣ ዕድሜያቸውም እጅግ የረዘመ ናቸው፤ የደረቀ ቅርንጫፋቸውን ሰብሮ እሳት መለኮስ ነውርም ክልክልም ነው።

ከኖቬምበር እስከ ሜይ መንገዱ ላይ በረዶ ሊኖር ይችላል። ቴሌስኮፕ አጠገብ ያለው ቀጥ ያለ ጎን በረዶ ሲጠጥርበት የበረዶ መጥረቢያና የብረት ጥርስ ያለው የጫማ ማሰሪያ የሚጠይቅ፣ ያንንም መጠቀም ለሚያውቅ ብቻ የሚሆን ነው። በእግር ዱካ የተጨፈለቀ በረዶ ጠዋት መስተዋት ሆኖ ካገኙት እዚያው ዙሩ አበቃ። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ሸንተረሩ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚወድቀው መብረቅ ነው።

10 ሰዓት ከሩብ ላይ መኪናው ጋ የደረሰ ሰው ወዲያው ሞተር አያስነሳ። የቀረውን ውኃ ጠጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ ግማሽ ሰዓት ጋደም ይበል፤ ከፊቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል መንዳት አለ። በዋይልድሮዝ አካባቢ የዱር አህዮች አሉ። ሲመሽ አስፋልቱ ላይ ይቆማሉ፤ ግራጫ ናቸውና ከመንገዱ አይለዩም፣ ጥሩንባም ሲነፋባቸው ንቅንቅ አይሉም።